ቅሬው የት ሄደ?

ሁለተኛውን የወንጀል ልብ ወለዴን ረቂቅ የሰጠሁት ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ለሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የፖሊስ መርማሪ ነው። ሰፈሩ «የመቶ አለቃ» ይላቸዋል። ከወር በኋላ አስጠሩኝ። የጥቅምት ብርድ ነበርና ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ።

እኔ ቀን ቀን አስተማሪ ነኝ፤ ልብ ወለድ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። የምጽፈው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ የሱብሒ አዛንና የቅዳሴው ዜማ በሚቀባበሉበት ሰዓት ነው። ቀንቶኝ ካደርኩ አንድ ገጽ ይወጣኛል። በዚህ አካሄድ ረቂቁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቷል።

የመቶ አለቃ ጠርዙን በቀይ እስክሪብቶ ሞልተውታል። ተጠርጣሪዬ ስድስት ቀን ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ይመረመራል። «48 ሰዓት ነው ልጄ፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ ዳኛ ፊት አቅርበህ ጊዜ ቀጠሮ ትጠይቃለህ፤ እሱም በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም» አሉኝ። ዓቃቤ ሕጉ ደግሞ አቅዶና ተዘጋጅቶ የገደለውን ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ይከሰዋል። እሳቸው 539 ብለው አርመውታል። በ540 ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው፤ በ539 ግን ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። ይህ ሁሉ በሳምንት የሚቃና ስለነበር ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

ባለቤታቸው ጥግ ላይ ቡና እየቆሉ ነበር። የመቶ አለቃ «እስቲ አንቺም ስሚው» ብለው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጮክ ብለው አነበቡላቸው። አንድ ሙስሊም ነጋዴ በገዛ ሱቁ ውስጥ ተገድሎ ይገኛል፤ መርማሪዬ በሩን ዘግቶ ሦስት ቀን ዱካ ይፈልጋል። እትዬ መቁያውን ከእሳቱ አወረዱና ቀና አሉ።

«ታዲያ ቅሬው የት ሄዶ ነው?»

የመቶ አለቃም እኔም ዝም አልን።

ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሰው ሲሞት ጥሪው ይተላለፋል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አካፋና ዶማውን ይዞ ይወጣል። ጀናዛ ደግሞ በተቻለ ፍጥነት ይቀበራል እንጂ ዝም ተብሎ አይታደርም። የእኔ ሟች ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሲተኛ አንድ ሰው በር አላንኳኳም። አባቴን የቀበረው ቅሬ ነው፤ ጭቃ የነካው ጫማቸው ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ይህን እያወቅሁ የጻፍኩት ከትርጉም መርማሪ ልብ ወለዶች የቀዳሁትን ነበር። በእነሱ መጻሕፍት አስከሬን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ ሐኪሙን ይጠብቃል።

ቡናው ሲቀዳ የመቶ አለቃ ጠርዝ ላይ ያልጻፉትን ነገሩን። ለብዙ ዘመን አስከሬን በባለሙያ እንዲመረመር ሲፈለግ 401 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ይደርስ ነበር። «ገዳይ መያዝ አላስቸገረኝም» አሉ። «ያስቸገረኝ ደጃፍ ላይ ቆመው ልጃችንን ስጡን የሚሉኝ አባቶች ናቸው። ‹አብሽሩ፣ ይመለስልዎታል› እላለሁ። ቅሬው መቃብሩን ቆፍሮ ቁጭ ብሏል። ምን ይባላል?» አቦሉን ሳይቀምሱት በረደ።

በሳምንቱ የአንድ ቅሬ ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ። መዝገባቸው ተራ የተማሪ ደብተር ነው። በግራ ስም፣ በቀኝ ምልክት፤ የቀረ ሰው ቅጣት ይከፍላል። በአንዱ ገጽ ስሞቹ በፊደል ተራ ሳይሆን በአመጣጣቸው መጻፋቸውን ሳይ መጽሐፌ ዳግም ተወለደ። ጥሪው ከመነገሩ በፊት አካፋውን ይዞ የደረሰ ሰው ቢኖርስ? መርማሪዬ አሁን ዱካውን የሚያገኘው እዚያ ደብተር ላይ ነው። ከ32 ምዕራፎች 19ኙን ጥዬ እንደ አዲስ እየጻፍኩ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ያለፉት ሦስት ቀናት ወደ አንድ ጠዋት ወርደዋል፣ ደጃፉ ላይም አንድ አባት ቆመዋል። ለፋሲካ እጨርሰዋለሁ፤ ከዚያ የማተሚያ ገንዘብ ፍለጋ ነው።

ሦስተኛውንም አስቤዋለሁ። ዘመኑ የአውጫጭኝ ነው፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ የአገሬው ሰው ተሰብስቦ የሚጠየቅበት። ታሪኩ የሚነሳው ከባቲ የሰኞ ገበያ፣ ግመል ከሚሸጥበት ሜዳ ነው። ሐሳቡን ለእትዬ ስነግራቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «የሟቹ እናት በሕይወት አሉ?» አሉኝ።

አላሰብኩትም ነበር። እስካሁን አንድ መስመር አልጻፍኩም፤ እኒያን እናት ፍለጋ ባቲ ገበያ ስቀመጥ ግን ሦስት ሰኞ ሆኖኛል።