የክሩዝ ገመዷን አወጣኋት

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ርቀት 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። በመካከላቸው ባለው የሐረጎ ጥምዝ ላይ ፍጥነት ቆልፎ የሚነዳ ሰው የለም፤ ስለዚህ የመኪናዬ ክሩዝ ኮንትሮል (እግር ሳይረግጥ ፍጥነቱን ቆልፎ የሚይዘው መሣሪያ) ሲሞት ግድም አልሰጠኝ። ገመዱ ግን ሞተሩ ላይ እንደተያያዘ ቀረ። አሮጌ ጃፓን ሠራሽ ስለሆነች ሁሉም ነገሯ በገመድ ነው።

ጣጣው ከገመዱ መጣ። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ ሞተሩ ወደ ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ለመውረድ ያንገራግራል። ሜዳ ላይ ይቻላል። ቁልቁለት ላይ ግን መኪናን የሚይዘው ሞተሩ ነው። እሱ ካልያዘ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይከዳል። በአሰብ መንገድ ያረጀው አጎቴ ሁሌም «ልጄ፣ ሐረጎን በማርሽ ውረጂ» ይለኛል።

አንድ መካኒክ «በሽቦ እሰሪውና ተይው» አለኝ። አልተዋጠልኝም። በሽቦ የታሰረ ነገር መንገድ ላይ ይላላል።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ከፍቼ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። አየር የሚከፍተው ክንድ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ገመዶች አሉ። በጣቴ እየዳሰስኩ ተከተልኳቸው፦ አንዱ ወደ ፔዳሉ፣ ሌላው ፓራፋንጎው ጥግ ወዳለችው ጥቁር የክሩዝ ሳጥን። እዚህ ጋ አትቸኩሉ። በአንዳንድ መኪና የፔዳሉ ገመድ ራሱ በክሩዙ ሳጥን በኩል ነው የሚያልፈው፤ እንደዚያ ከሆነ እንዳትነኩት።

ሁለቱን ዳዶዎች በ12 ቁልፍ አላልቼ የክሩዙን ገመድ ከመያዣው አነሳሁ። ክንዱን በእጄ እስከ መጨረሻው ስከፍተው ገመዱ ረገበ፤ ጫፉ ላይ ያለችው የብረት እንክብል በጎን ሾልካ ወጣች። ሽፋኑ አፍ ላይ የተበጠሱ ክሮች እንደ እሾህ ቆመዋል፤ አጠገባቸው ዝገት። ክንዱን ሲይዙት የነበሩት እነሱ ናቸው። ከዚያ ሌላውን ጫፍ ከሳጥኑ ፈታሁ፣ የሳጥኑን ሶኬትም ነቀልኩ።

አሁን ከሐረጎ ስወርድ ሦስተኛ ማርሽ ጥርት አድርጎ ይይዛታል።

ገመዱን ካወጣችሁ በኋላ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ክንዱን ደጋግማችሁ ከፍታችሁ ልቀቁት። አንድ ሰው ደግሞ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥላችሁ። ሲለቀው ክንዱ በራሱ ፈጥኖ ካልተዘጋ ሞላውንና የፔዳሉን ገመድ ሳታስፈትሹ መንገድ አትውጡ።