እንቁላል የተቀረቀረባት ዶሮ

እናቴ ኮተቤ ባለው ግቢዋ ጥቂት ዶሮዎች ታረባለች። አብዛኞቹ ቦቫንስ ብራውን የሚባሉት ቡናማ እንቁላል ጣዮች ናቸው፤ ከነሱ ጋር አንዲት ገብስማ የሐበሻ ዶሮ አለች። ባለፈው ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም መሃል፣ ከቡናማዎቹ አንዷ ከቆጥ ወርዳ ጥጓን ይዛ ቆመች። ላባዋ ተነፋፍቷል፤ ጭራዋ ወደ ታች ወድቋል፤ ዓይኗን ጨፈን ከፈት ታደርጋለች። ጥሬ ሲበተን ዞራም አላየችው።

"ፈንግል ገባ!" አለች እናቴ። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ የተለመደውን ፍርድ ሰጡ፦ "በክት ሳትሆን ቢላ ይንካት እንጂ!"

ግን ጾም ነው። ታርዳ ማን ሊበላት? እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ዕድሜ የሰጣት ፍልሰታ ነው። እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ ዶሮ ያሳደገ ሰው ግን ቁጭ ብሎ ካያት ብዙ ነገር ታሳየዋለች።

ፈንግል ክትባት ባልወሰዱ ዶሮዎች መሃል ከገባ በአንዷ አያበቃም። አንገት ያጣምማል፣ ክንፍ ይጥላል፣ ትንፋሽ ያስቸግራል፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ያመጣል፤ ከዚያ ተራ በተራ ይጨርሳቸዋል። የእናቴ ዶሮዎች ተከትበዋል፤ ሌሎቹም እንደ ወትሮው እየጫሩ ነው። ያም ሆኖ ለጥንቃቄ ብዬ ለብቻዋ አደረግኋት።

ከዚያ ተቀምጬ አየኋት። ወደ መጣያው ሳጥን ትገባለች፣ ትወጣለች፣ መልሳ ትገባለች። ስትቆም ደረቷን ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ፣ እግሯን ከፈት አድርጋ ነው። ጭራዋ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። አልፎ አልፎ ደግሞ ሰውነቷን ሰብስባ ታምጣለች፤ የሚወጣው ግን ጥቂት ነጭ ውሃ ብቻ ነው።

"እማዬ፣ ይቺ ዶሮ መቼ ነው የጣለችው?"

"ትናንት አልጣለችም። ከትናንት ወዲያ ግን ቅርፊት የሌለው ልጥልጥ ያለ ነገር ጥላ ነበር።"

ነገሩ ለእኔ የተገለጠው እዚህ ጋ ነው። ቅርፊት የሌለው እንቁላል የጣለች ዶሮ ካልሲየም እያጠራት ሊሆን ይችላል። ካልሲየም ደግሞ ለቅርፊት ብቻ አይደለም የሚያስፈልጋት። እንቁላሉን ገፍቶ የሚያስወጣው ጡንቻም ያለ እሱ በደንብ አይጨመትርም። ስለዚህ ካልሲየም ሲያልቅ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ መግፊያው አቅምም ይደክማል፣ እንቁላሉም መንገድ ላይ ይቀራል።

"ማቀፍ አምሯት ቢሆንስ?" አለች እናቴ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ማቀፍ ያማራት ዶሮ ግን ከሳጥኑ አልወጣም ብላ ሙጭጭ ትላለች፤ እጅ ስትሰዱባትም ተነፋፍታ ትነክሳለች። ይቺ መቀመጥም መቆምም አቅቷታል። ልዩነቱን መለየት ዋዛ አይደለም። ገጠር ማቀፍ እንድትተው ዶሮን ቁልቁል የሚያንጠለጥል፣ ወይም ለጊዜው ጎረቤት የሚወስድ አለ። እንቁላል የተቀረቀረባትን ቁልቁል ማንጠልጠል ግን በቁሟ መግደል ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ጓንት አድርጌ፣ ጣቴን ቫዝሊን ቀብቼ፣ በእንቁላል መውጫዋ በኩል ቀስ ብዬ ቀጥታ ወደ ውስጥ አስገባሁ። እናቴ በፎጣ ጠቅልላ ክንፏን ይዛለች። ብዙም ሳልገባ ጠንካራና ክብ ነገር ነካሁ። እንቁላሉ እዚያው በር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚመኘው አንድ ነገር አለ፦ ሆዷን ጨመቅ አድርጎ ማውጣት። እንዳታደርጉት። እንቁላሉ ውስጥ ከተሰበረ ቅርፊቱ ይቆርጣታል፤ አስኳሉና ፈሳሹ ውስጥ ቀርቶ ያመረቅዛል። እንቁላል የተቀረቀረባት ዶሮ ተስፋ አላት፤ ውስጧ የተሰበረባት ግን ተስፋዋ በጣም ይቀንሳል።

ሥራው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ሳፋ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ አደረግን። የዶሮ ሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው። ለእኛ ለብ ያለ የሚመስለን ውሃ ለሷ ቀዝቃዛ ነው ማለት ነው። ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ክርኑን ነክሮ ይሞክር፤ በደንብ ይሙቅ እንጂ አያቃጥል። ውሃው ከሆዷና ከመውጫዋ ከፍ እንዲል አድርገን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አስቀመጥናት፤ ሲቀዘቅዝ ሙቅ እየጨመርን። መጀመሪያ ትንሽ ተንፈራገጠች፣ ከዚያ እጄ ላይ ልትተኛ ምንም አልቀራት። ሙቀቱ ጡንቻዋን ያላላል፤ የነክሩ ዋና ሥራም ይኸው ነው።

ከውሃው ስትወጣ በደንብ አደረቅናት። ይህን የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው። የነሐሴ ብርድ ባለበት ጊዜ እርጥብ ዶሮ ደጅ መልቀቅ ሌላ በሽታ መጥራት ነው። እናቴ የፀጉር ማድረቂያዋን በትንሹ ከፍታ ላባዋን ነፋችላት። ከዚያ መውጫዋን ዙሪያውን ቫዝሊን ቀባን፤ ጨርቅ የተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ ከትተን ጨለም ያለና ሞቃት ክፍል ውስጥ አስቀመጥናት። ውሃም አጠገቧ አደረግን። ልጆቹን አባረርኳቸው፤ በየደቂቃው እየገለጡ ካዩዋት የትም አትጥልም።

ካልሲየሙን በተመለከተ ለእንስሳት መድኃኒት ቤት ደወልኩ። ክብደቷን ጠይቃ መጠኑን የነገረችኝ ባለሙያዋ ናት፤ እናንተም ለራሳችሁ ዶሮ ጠይቁ እንጂ በግምት አትስጡ። ክኒኑን ፈጭተን በውሃ በጥብጠን፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በአፏ ጎን ጠብ ጠብ አደረግንላት። ጠብታውን እሷ ራሷ ትዋጠው። አንገቷን ይዞ ማንቆርቆር ወደ ሳንባዋ ሊያስገባው ይችላል።

ከመጀመሪያው ነክር በኋላ ምንም የለም። እማማ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው "ፌጦና ሎሚ ስጧት" አሉ። ፌጦን አልንቅም፤ ለብዙ ነገር ሲሰጥ አይቻለሁ። በር ላይ የቆመን እንቁላል ግን ፌጦ አያስወጣውም። "እሺ እማማ" ብዬ ውሃውን እንደገና አሞቅሁ። ከሁለተኛው ነክር በኋላ፣ ሊመሽ ሲል፣ ካርቶኑን ስከፍት እንቁላሉ ጨርቁ ላይ ተቀምጧል። ትልቅ ነው፤ አንድ ጫፉ ሸካራ። ከስሩ ትንሽ ደም ነክቶታል። እሷ ግን ጭንቅላቷን ውሃው ውስጥ ቀብራ ትጠጣለች።

ነክሩ የዚያን ቀን ችግር ፈታ። የነገሩ ሥር ግን ያለው መኖው ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ከእናቴ ጋር ትንሽ ተከራከርን። "አያትሽ ፉርሽካና የእንጀራ ፍርፋሪ እየሰጠች አይደል እንዴ ዕድሜዋን ሙሉ ያረባችው?" አለችኝ። አዎ። አያቴ የምታረባው ግን የሐበሻ ዶሮ ነበር። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ እንቁላሏም ትንሽ ነው። በመሃል ታቅፋለች፣ ጫጩት ታሳድጋለች፣ ሰውነቷ ያርፋል። ቦቫንስ ግን በደንብ ከተያዘች በዓመት ከ300 በላይ ትጥላለች። አንድ እንቁላል ሆዷ ውስጥ ለመሠራት ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከዚያ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ ቅርፊት ማልበስ ነው። ለአንዱ ቅርፊት ብቻ 2 ግራም ገደማ ካልሲየም ይሄዳል። ከመኖዋ ካላገኘች ከአጥንቷ ትወስዳለች። ገብስማዋ በዚያው ፉርሽካ ደህና የሆነችው ጠንካራ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ የሚጠየቀው ሥራ ስላነሰ ነው።

ፉርሽካ ደግሞ ካልሲየሙ ጥቂት፣ ፎስፈረሱ ብዙ ነው። ብቻውን ለጣይ ዶሮ ሲሰጥ ይባስ ይጎዳል። የጣይ መኖ ተብሎ የሚሸጠው ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ሊኖረው ይገባል። ውድ ነው፤ አውቃለሁ። እናቴም የጆንያውን ዋጋ ሰምታ "ከዚህስ እንቁላሉን ከሱቅ ብገዛ" ብላ ነበር። በመጨረሻ ተስማማን፦ ዋናው ምግብ የጣይ መኖ፣ ፍርፋሪው ከሰዓት በኋላ ለመቅመሻ ያህል።

ለተጨማሪ የእንቁላል ቅርፊት እናጠራቅማለን። አጥበን፣ አድርቀን፣ ምጣድ ላይ አመስ አድርገን በደቃቁ እንሰባብረዋለን። እንቁላል መሆኑ እስኪጠፋባቸው ድረስ መድቀቅ አለበት፤ አለበለዚያ የራሳቸውን እንቁላል መብላት ይለምዳሉ። ከመኖው ጋር አንቀላቅለውም፤ ለብቻው በሳህን ይቀመጣል። የምትጥለዋ የሚያስፈልጋትን ትለቅማለች፤ ካልሲየም ሲበዛበት ኩላሊቱ የሚጎዳው ጫጩትም አይገደድም። የተፈጨ የኖራ ድንጋይም ይሆናል፤ ግን ለመኖ ተብሎ የሚሸጠው። ግድግዳ የሚቀባው ኖራ ያቃጥላል፤ ወደ ዶሮ አፍ አይቅረብ።

አሁን ደግሞ ነክር የማይፈታው ነገር አለ። ሙሉ ቀን አልፎ እንቁላሉ ካልወጣ፣ እግሯ ካልታዘዘላት፣ ሆዷ በውሃ እንደተሞላ ካበጠ፣ ወይም ቀይ ሥጋ ወደ ውጭ ከወጣባት ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ሐኪሙ የካልሲየም መርፌና ማህፀን የሚያስጨመትር መድኃኒት አለው፤ እነዚህ በቤት የሚሞከሩ አይደሉም። ቢሾፍቱ አካባቢ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ነው። አንቲባዮቲክ ከታዘዘላት ደግሞ እንቁላሏን ለስንት ቀን እንደማትበሉ ጠይቁ።

የኛዋ በማግስቱ አልጣለችም፤ አላስቸኮልናትም። ጥቂት ቀን አርፋ መጣል ስትጀምር ቅርፊቱ ደህና ነበር። አንዳንዷ ግን ይደጋገምባታል፤ በተለይ ገና በቄብነቷ መጣል የጀመረች፣ ወይም ስብ የበዛባት። እንዲህ ያለችዋን እንድትጥል የሚገፋፋትን መቀነስ ይሻላል። የኛ አገር ቀን ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ እንቁላል እንዲበዛ ብለው አምፖል የሚያበሩ አሉ። ብርሃኑ ሲረዝም ዶሮዋ ሳታርፍ ትጥላለች። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ አምፖል ካለ፣ መኖውን ከመቀየራችሁ በፊትም ቢሆን ማታ ማታ አጥፉት።