የክላውድ ፋይሎቻችሁን ሊኑክስ ላይ ራሳችሁ ቆልፉ

«ፋይላችሁ ተመስጥሮ ይቀመጣል» የሚል የክላውድ (በኢንተርኔት ላይ ፋይል የማስቀመጫ) አገልግሎት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መጠየቅ ያለበት ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ነው። ጉግል ድራይቭና ድሮፕቦክስ የግል አካውንት ፋይሎችን አመስጥረው ያስቀምጣሉ፤ ቁልፉ ግን እነሱ ጋ ስለሆነ መክፈት ይችላሉ። ቁልፉ ከተጠቃሚው እጅ አይወጣም የሚሉትም እንከን አያጣቸውም። በ2022 የኢቲኤች ዙሪክ ተመራማሪዎች ሜጋ የተባለውን የክላውድ አገልግሎት ምስጠራ የሚሰብሩ ጥቃቶችን አሳይተዋል፤ በ2024 ደግሞ ከዚያው ተቋም የወጣ ጥናት ከፈተሻቸው አምስት አገልግሎቶች በአብዛኞቹ ላይ ከባድ ክፍተት አግኝቷል። ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የሚቆልፈውና የሚያስቀምጠው ይለያዩ። ፋይሉ ከኮምፒውተራችሁ ከመውጣቱ በፊት ኮዱ ክፍት በሆነ ፕሮግራም ይመስጠር፣ ክላውዱ የሚያየው ትርጉም የሌለው ባይት ብቻ ይሁን።

ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ለማይወድ ሰው ክሪፕቶማተር የተባለው የምስጠራ ፕሮግራም ይበቃዋል። ከክላውዱ ጋር ሲንክ በሚደረገው (በሚመሳሰለው) ፎልደር ውስጥ ቮልት (የተቆለፈ ፎልደር) ትፈጥራላችሁ፣ ሲከፈት እንደ ተራ ድራይቭ ይታያል። ጎክሪፕት ኤፍኤስም ተመሳሳይ ሥራ በተርሚናል ይሠራል። ኤንክኤፍኤስ የተባለውን ሌላ የምስጠራ ፕሮግራም ግን ለክላውድ አትጠቀሙ፤ በ2014 የተደረገ የደህንነት ፍተሻ እንዳሳየው፣ የአንድን ፋይል የተለያዩ ጊዜ ቅጂዎች ማየት በሚችል ሰው ፊት ጥበቃው ይላላል። ክላውድ ደግሞ የድሮ ቅጂዎችን ይዞ የሚቆይ ቦታ ነው።

ሊኑክስ ላይ ከሁሉም የምመርጠው አርክሎን የተባለውን፣ ፋይሎችን በኮምፒውተርና በክላውድ መካከል በትእዛዝ የሚያመላልስ ፕሮግራም ነው፤ ለአገልግሎታችሁ የሊኑክስ ፕሮግራም ባይኖርም ብዙ ጊዜ እሱ ይደርስለታል። በኮንፊግ ትእዛዙ መጀመሪያ የክላውዱን ሪሞት (አርክሎን ማከማቻውን የሚያውቅበት መጠሪያ) ትፈጥራላችሁ፤ ቀጥሎ «ክሪፕት» የሚባል ሁለተኛ ሪሞት ትፈጥሩና በመጀመሪያው ውስጥ ወዳለ አንድ ፎልደር ታመለክቱታላችሁ። የሁለቱ ስም በፍጹም አይመሳሰል። ፋይሉን በስህተት ወደ መጀመሪያው ሪሞት ከላካችሁት ሳይመሰጠር ይወጣል፣ ምንም ማስጠንቀቂያም የለም። የይለፍ ቃሉን አርክሎን ራሱ እንዲያመነጨው አድርጉ፤ 128 ቢት በቂ ነው። ሁለተኛው የይለፍ ቃል ግዴታ አይደለም፤ ከሰጣችሁት ግን ያለ እሱ ፋይሉ አይከፈትም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ የይለፍ ቃሎቹ የተመሰጠሩ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ ፋይሉን ያገኘ ሰው በአንድ ትእዛዝ ይገልጣቸዋል። ስለዚህ ለኮንፊግ ፋይሉ ራሱ የይለፍ ቃል አብጁለት። ሌላው ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ ነው፦ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃሉን ስትሳሳቱ አርክሎን «ስህተት ነው» አይላችሁም፤ ስሞቹን መፍታት ስላልቻለ ይዘላቸዋል፣ ፎልደሩም ባዶ መስሎ ይታያል። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ የይለፍ ቃሎቹን ደግማችሁ አስገቡ።

ክሪፕቱን ማውንት ስታደርጉ (እንደ ተራ ፎልደር እንዲታይ ስታገናኙት) የካሽ (የጊዜያዊ ቅጂ ማቆያ) ሁኔታውን «ራይትስ» ወይም «ፉል» አድርጉት። ያለዚያ እንደ ሊብሬኦፊስ ያሉ ፕሮግራሞች ማስቀመጥ ሲሞክሩ ስህተት ይሰጣሉ፤ አንድን ፋይል በአንድ ጊዜ ማንበብና መጻፍ ይፈልጋሉና። ካሹ ግን የሚቀመጠው በቤት ፎልደራችሁ ውስጥ ሳይመሰጠር ነው፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ክላውዱ መቆለፉ ምንም አይጠቅምም፣ ዲስኩም በሉክስ (በሊኑክስ የዲስክ ምስጠራ) ይመስጠር። ደግሞም ፋይሉ መላክ የሚጀምረው ከተዘጋ 5 ሰከንድ በኋላ ስለሆነ፣ እንዳስቀመጣችሁ ወዲያው አታጥፉ። ማውንቱን ስታወርዱ «ቢዚ» የሚል መልእክት ከመጣ፣ እዚያ ፎልደር ውስጥ የቆመ ተርሚናል ወይም የፋይል ማኔጀር መስኮት አለ ማለት ነው።

በግዕዝ ፊደል ስም ለሚሰጥ ሰው የተለየ ችግር አለ። በዩቲኤፍ 8 (ፊደሎች ኮምፒውተር ላይ በሚቀመጡበት አሠራር) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የአርክሎን መደበኛ የስም ምስጠራ ስሙን ያስረዝመዋል፤ የስም ወሰናቸው 255 በሆነ ማከማቻዎች ላይ ዋናው ስም ከ143 ባይት ማለፍ የለበትም። ያ በእንግሊዝኛ ረጅም ስም ነው፤ በአማርኛ ግን 47 ፊደል ገደማ ብቻ፣ ክፍተቱና ቅጥያው ሳይቀር ተቆጥሮ። «የ2016 ዓመታዊ ሪፖርት የመጨረሻ የተስተካከለ…» እያሉ የሚቀጥሉ ስሞች እዚህ ላይ ይወድቃሉ፤ ሌሎቹ ፋይሎች ሲላኩ እነዚያ ብቻ ሳይላኩ ይቀራሉ። ስሙን ማሳጠር ቀላሉ መፍትሔ ነው። ጎክሪፕት ኤፍኤስና ክሪፕቶማተር ረጅም ስሞችን በተለየ ፋይል ስለሚይዙ ይህ አያስቸግራቸውም።

ለባክአፕ «ሲንክ» ሳይሆን «ኮፒ» የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ፤ ሲንክ ከምንጩ የጠፋውን ከክላውዱም ያጠፋል። የግድ ካስፈለገ መጀመሪያ በድራይ ረን (ምንም ሳይቀይር የሚሆነውን ብቻ በሚያሳይ ሙከራ) ሞክሩት። የተላከውን ለማረጋገጥ ደግሞ ክሪፕትቼክ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ተራው ማነጻጸሪያ የተመሰጠረውን ፋይል ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ አሻራ) ከዋናው ጋር ሊያስተያይ አይችልም። ሲምሊንኮች (ወደ ሌላ ፋይል ወይም ፎልደር የሚያመለክቱ አቋራጮች) ካላዘዛችሁት ይዘለላሉ።

ክሪፕቶማተርና ጎክሪፕት ኤፍኤስ ላይ የሚመጣው ችግር ሌላ ነው። ሲንክ የሚያደርገው ፕሮግራም ለውጥን የሚያውቀው በአይኖቲፋይ (ፎልደሮችን በሚከታተል የሊኑክስ አገልግሎት) ነው፤ ከ5.11 በፊት ባሉ ከርነሎች (የሊኑክስ እምብርት ቅጂዎች) ነባሪው ወሰን 8192 ፎልደር ነው። ከዚያ ሲያልፍ አንዳንድ ለውጦች ሳይላኩ ይቀራሉ። ወሰኑን በሲስከትል (የከርነል ቅንብር በሚቀይር ትእዛዝ) ወደ 524288 ከፍ አድርጉት። አንድን ቮልት በሁለት ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ከፍቶ ያንኑ ፋይል ማረምም የተጋጨ ቅጂ ይፈጥራል።

የፋይሎች ብዛት፣ ግምታዊ መጠናቸውና የተቀየሩበት ጊዜ ለአገልግሎቱ መታየቱ አይቀርም፤ ምስጠራው ይህን አይሸፍንም።

ወረቀት ላይ የምትጽፉት ይህን ነው፦ የአርክሎን ሁለቱንም የይለፍ ቃሎችና የስም ምስጠራ ምርጫውን፣ የክሪፕቶማተርን መልሶ ማግኛ ቁልፍ፣ ወይም ጎክሪፕት ኤፍኤስ ሲጀመር የሚያሳያችሁን ዋና ቁልፍ፣ እንዲሁም የክላውድ አካውንቱን መግቢያ። ከዚያ ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሱና በዚያ ወረቀት ብቻ አንድ ፋይል አውርዳችሁ ክፈቱ። ካልተከፈተ፣ ዋናው ቅጂ ገና በእጃችሁ እያለ አስተካክሉት።