«እምቢ» ያሰኘው አምላክ ይመስገን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ልጄ ሦስት ዓመት ሞልቶት «እማ» አላለኝም ነበር። እዚህ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያልመከረኝ የለም፤ «ወንድ ልጅ ይዘገያል»፣ «እንጥሉን አስቆርጪው»። ጸበልም አመላልሼዋለሁ፤ ለኪዳነ ምሕረትም ተስያለሁ።

በዚያ የክረምት ሌሊት ከእንቅልፉ ጮኾ ተነሣ። ሆዱን ስዳብሰው ይጮኻል፣ ሳቅፈው ይብሳል። «የት ጋ ነው የኔ ጌታ? አሳየኝ» እለዋለሁ፤ ዓይን ዓይኔን እያየ ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ያላትማል። መብራት የለም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ከሥዕለ አድኅኖዋ ፊት ቆምኩ፤ የጧፉ ሰም እጄ ላይ ይንጠባጠባል። ለሙሴ የተናገረውን መልሼ ለራሱ ለእግዚአብሔር ነገርኩት። «የሰውን አፍ የፈጠረ ማን ነው? ብለህ የለም? ይኸው አፉ! ክፈተዋ!» ጮኼበታለሁ፤ አልደብቅም። ኢዮብም ተሟግቶታል። ከዚያ በኋላ «አቤቱ፥ ከንፈሮቼን ክፈት» ከሚለው በቀር ጸሎት አልመጣልኝም።

ሊነጋጋ ሲል ድንገት ዝም አለ። ሞተብኝ ብዬ ስዳብሰው ትራሱ ርሷል፤ ከቀኝ ጆሮው መግል ወርዷል። በዚያ ጎርፍ ባጃጁን አስነሥተህ ያደረስከን፣ ገንዘብም አልቀበልም ያልከኝ ወንድሜ፣ እመቤታችን ትክፈልህ!

ሐኪሟ ሁለቱንም ጆሮ በመብራት አየች። የቀኙ ታምቡር በኢንፌክሽኑ ተበስቶ ነው ሕመሙ ፋታ የሰጠው፤ በግራውም ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። «የምታወሪውን ሁሉ ውኃ ውስጥ እንደጠለቀ ሰው ነው የሚሰማው» አለችኝ። ንግግር የዘገየበት ልጅ ከሁሉ በፊት መስማቱ ይመረመራል አለች። ከመካሪዎቼ ሁሉ ጆሮውን ያነሣ አንድም አልነበረም!

መድኃኒት፣ ቀጠሮ፣ የመስማት ምርመራ፤ እንዲህ እንዲህ ሲል ገና ደረሰ። ሲስተሯ ፊት ለፊቱ ዝቅ ብዬ፣ እርሱ የሚያየውን እየጠራሁ እንዳወራው አሳየችኝ። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ «በል እንጂ» ብሎ ማስጨነቅ የለም። ጣና ዳር ቁጢጥ ብዬ «ታንኳ» እላለሁ፣ ዝም እላለሁ። ለእንደኔ ዓይነት ለፍላፊ ዝምታው ከጾም ይከብዳል።

አንድ ቅዳሜ ራሱን በሳሙና ሳሸው እጄን ገፍቶ «እምቢ!» አለ። እልልታዬ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ። የሰሙት ሳቁ፤ እኔ ከነሳሙናዬ መሬት ላይ ወድቄ አለቀስኩ።

በዓመቱ የካቲት 16 የስለት ጃንጥላዬን ይዤ በጀልባ ወደ ዘጌ፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ተሻገርን። መንገዱን ሙሉ «ይህ ምንድን ነው?» እያለ ቀዛፊውን አደከመው። «ረ» ገና አልወጣችለትም፤ ሲስተሯ ግን ጊዜዋን ጠብቃ ትመጣለች ብላኛለች።