ላ ላጉና፦ ግንብ የሌላት ከተማ

ላ ላጉና የከተማ ግንብ የላትም። ኖሯትም አያውቅም። በተቆረቆረችበት ዘመን ስፔኖች ባሕር ተሻግረው የያዙትን ቦታ በምሽግና በመድፍ ማጠር ልማዳቸው ነበር። ይህቺ ከስፔን የካናሪ ደሴቶች አንዷ የሆነችው የቴኔሪፌ ከተማ ግን አራቱም አቅጣጫዋ ክፍት ሆኖ ተሠራች። ካየኋቸው የድሮ ከተሞች ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረችው እሷ ናት። ለምን እንደሆነ ሳልረሳው ልጻፈው።

ከጀርመን ወደ ቴኔሪፌ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ለፀሐይ ነው። ደቡቡ የባሕር ዳርቻ ሆቴል በሆቴል ነው። እኔና ባለቤቴም ታኅሣሥ ላይ የሄድነው ከጨለማውና ከበረዶው ለመሸሽ ነበር። አንድ ጠዋት ግን አሸዋው ሰለቸንና ወደ ሳንታ ክሩዝ ሄድን። ከዚያ ትራም ያዝን። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ የጀመረ መስመር ነው፤ ከወደቡ ተነስቶ ዳገቱን ይወጣና አርባ ደቂቃ ገደማ ፈጅቶ ላ ላጉና ያደርሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ታች በቲሸርት የነበረ ሰው ላይ ሲደርስ ሹራብ ያምረዋል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ደመናውን እየነዳ አምጥቶ እዚያ ያራግፈዋል። ስንወርድ ካፊያ ነበር። ባለቤቴ ፊቱን አጨፈገገ፤ እኔ ደስ አለኝ። ደጋ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ አየር ሲያገኝ ደረቱ ይከፈታል።

መጀመሪያ የሚያስገርመው የመንገዶቹ ቀጥታነት ነው። የድሮ ከተማ ሲባል ጠመዝማዛ ጠባብ መንገድ ጠብቄ ነበር። እዚህ ግን ከአንዱ ጥግ ቆመህ ሌላውን ጥግ ታያለህ። ነገሩ ታሪክ አለው። ስፔኖች ደሴቱን ወርረው የጨረሱት እ.ኤ.አ. በ1496 ነው። መሪያቸው አሎንሶ ፈርናንዴስ ደ ሉጎ ይባላል። መጀመሪያ ሰዉ ዛሬ የላ ኮንሴፕሲዮን ቤተ ክርስቲያን ባለበት አካባቢ እንደመጣለት ቤቱን ቀለሰ። ይህ የላይኛው ከተማ ነው፤ መንገዶቹ እስካሁን ትንሽ ይንሻፈፋሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደ ሉጎ ግንባታው ወደ ታች እንዲዞር አዘዘ። የታችኛው ከተማ በገመድና በልክ፣ ታስቦበት ተቀየሰ። ሰፋፊ መንገድ፣ አደባባይ፣ ለገዳማት ቦታ፣ ለሹማምንት ቦታ።

እ.ኤ.አ. በ1588 ሊዮናርዶ ቶሪያኒ የሚባል ጣልያናዊ መሐንዲስ በስፔን ንጉሥ ትእዛዝ የካናሪ ደሴቶችን ሲያጠና የዚህችን ከተማ ካርታ ሣለ። ያንን ካርታ ስልኬ ላይ ከፍቼ ነው ስዞር የዋልኩት። ይሠራል! ከአራት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው ካርታ ይዤ መንገድ አልጠፋኝም። ቶሪያኒ የሣለው መንገድ ዛሬም መንገድ ነው። አደባባዩም አደባባይ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ካርታውና መሬቱ አልገናኝ አሉኝ፤ እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት የመዘገባትም ለዚሁ ነው። ሃቫና፣ ሊማ፣ ካርታሄና የመሳሰሉ የላቲን አሜሪካ ከተሞች ሲቀየሱ የዚህች ግንብ የለሽ ከተማ አሠራር አርአያ ሆኗቸዋል ይባላል። ሰዎቹም ተሻግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1534 እዚህ የተወለደው ሆሴ ደ አንቼታ ብራዚል ሄዶ ሳኦ ፓውሎን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ሮም ቅዱስ ብላ ሰይማዋለች።

ከተማዋ ሙዚየም አለመሆኗን ወድጄላታለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1792 ጀምሮ ዕድሜውን የሚቆጥር ዩኒቨርሲቲ አላት። ተማሪው በየካፌው ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ባራኪቶውን ይዞ። ባራኪቶ የደሴቱ ቡና ነው፤ በብርጭቆ ይመጣል። ከታች የጣፋጭ ወተት፣ ከዚያ ትንሽ ሊኮር፣ ከዚያ ቡናው፣ ከላይ አረፋ ወተት፣ ቀረፋና የሎሚ ልጣጭ። ስኳር በቡናዬ አይገባም የምል ሰው ነኝ፤ ይህንን ግን ደገምኩት።

ቤቶቹ ከውጭ ሲታዩ ጨዋ ናቸው። ቢጫ፣ ነጭ፣ የሸክላ ቀለም ያለው ግድግዳ፣ ከባድ የእንጨት በር። ቀና ካልክ የጣሪያው ሸክላ ላይ ወፍራም ቅጠል ያላቸው ተክሎች በቅለው ታያለህ፤ ማንም ሳይተክላቸው ጣሪያውን አትክልት ቦታ አድርገውታል። ጌጡ ያለው ውስጥ ነው። በሩ ገርበብ ካለና አንገትህን ብቅ ካደረግህ ውስጠ ግቢ ይታይሃል፤ በእንጨት ምሰሶ የተደገፈ ሰገነት፣ በድንጋይ የተነጠፈ መሬት፣ ፈርን፣ የውሃ ጉድጓድ። እንጨቱ የደሴቱ ጥድ ልብ ነው። ጥቁር ቡናማ፣ ሙጫ የጠገበ፣ ምስጥ የማይደፍረው።

ካሳ ሌርካሮ የሚባለው ቤት ዛሬ የታሪክ ሙዚየም ስለሆነ እንደልብ ይገባል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጄኖቫ ነጋዴዎች ቤተሰብ የሠራው ነው። ስለዚህ ቤት የሚወራ አፈ ታሪክ አለ። ካታሊና የምትባል የቤቱ ልጅ አባቷ ለሀብታም ሽማግሌ ሊድሯት ሲሉ በሠርጓ ዕለት የግቢው ጉድጓድ ውስጥ ራሷን ጣለች፤ እስካሁንም ሌሊት ሌሊት ክፍሎቹ ውስጥ ትዞራለች ይላሉ። ጎብኚው ሁሉ ለመንፈሷ ፎቶ ይነሳል። እኔን የያዘኝ ግን ጋብቻው ነው። እውነት ይሁን ተረት፣ አንድ ከተማ ይህንን ታሪክ ለዘመናት ሲቀባበል የኖረው በየቤቱ የሚያውቃት አንዲት ካታሊና ስላለች ይመስለኛል።

ወደ አደላንታዶ አደባባይ ስንወርድ የሳንታ ካታሊና ገዳም አለ። የዶሚኒካን መነኮሳት ገዳም ነው፤ ከገቡ አይወጡም። ከሕንፃው ጥግ፣ ከጣሪያው በታች፣ በእንጨት ርብራብ የተሸፈነ ማማ አለ። መነኮሳቱ እዚያ ቆመው መንገዱን ያያሉ፤ ከመንገድ የቆመ ሰው ግን አያያቸውም። ረጅም ጊዜ ቀና ብዬ አየሁት። ማን እያየኝ እንደሆነ አላውቅም።

ከነዚህ መነኮሳት አንዷ ሶር ማሪያ ደ ሄሱስ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1731 ዐረፉ። በኋላ መቃብሩ ሲከፈት ገላቸው ሳይፈርስ ተገኘ፤ ሕዝቡም እንደ ቅድስት ያያቸዋል። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 15 ገዳሙ በሩን ይከፍትና ምእመናን ተሰልፈው ይሳለማሉ። ለእኒህ መነኩሲት የሚያምረውን የሬሳ ሣጥን ያሠራላቸው ማን ይመስላችኋል? አማሮ ፓርጎ። ንጉሡ ፈቃድ የሰጠው የባሕር ዘራፊ፣ ነጋዴ፣ የደሴቱ ሀብታም። ወዳጃቸውና አድናቂያቸው ነበር። እሱ ራሱ በሳንቶ ዶሚንጎ ቤተ ክርስቲያን ተቀብሯል። በሩ የማይከፈት ገዳምና የአትላንቲክን ውቅያኖስ እንደ ግቢው የሚዞርበት ሰው እንዲህ መተሳሰራቸው ስለዚህች ከተማ ብዙ ይነግራል። ውጭዋ ክፍት፣ ውስጧ ዝግ ናት። ቁም ነገሯን የምታገኘው ከበሩ በስተኋላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ዝግ ሆኖ ያገኘሁት በር ደግሞ የጓንቼዎቹ ነው።

ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት ደሴቱ ሰው ነበረው። ጓንቼ ይባላሉ። ከሰሜን አፍሪካ፣ ከበርበሮች ወገን የመጡ ናቸው። ፍየል ያረባሉ፣ ገብስ ይዘራሉ፣ ሙታናቸውን አድርቀው ያቆያሉ። ቴኔሪፌ በዘጠኝ ግዛት ተከፍላ፣ በዘጠኝ ንጉሥ ትተዳደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1494 ደ ሉጎ ሠራዊቱን ይዞ ሲመጣ አሴንቴሆ የሚባል ገደል ውስጥ ጠብቀው ድል አደረጉት። ድንጋይ ከላይ እየናዱ፣ ጦር እየወረወሩ። እሱም በጭንቅ ነው ነፍሱን ያተረፈው። ተመልሶ ግን መጣ። አሁን ከተማዋ ባለችበት ሜዳ፣ ጓንቼዎቹ አጉዌሬ በሚሉት፣ ተዋግቶ አሸነፈ። የማይታወቅ ወረርሽኝም ፈጃቸው። በ1496 እጅ ሰጡ። ከነገሥታቱ የተረፉት ለስፔን ንጉሥና ንግሥት ሊታዩ ወደዚያው ተወሰዱ። ብዙዎች በባርነት ተሸጡ።

ግንብ ለምን አላስፈለጋትም? ከባሕር ስለራቀች፣ ከወንበዴ መርከብ መድፍ ውጭ ስለሆነች ነው ይላሉ። እውነት ነው። ግን ከግንቡ ውጭ ሊቆም የሚችለው ባለአገርም ተሸንፎና ተጨርሶ ነበር። ይህንን ሳስበው የወደድኩት ክፍትነት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። መውደዴን አልተውኩም፤ ግን ከዚያ በኋላ ስዞር በየመንገዱ እነሱን ነበር የምፈልገው።

ብዙ አላገኘሁም። ደ ሉጎ የተቀበረው ካቴድራሉ ውስጥ ነው። ዋናው አደባባይ፣ አደላንታዶ፣ የሚጠራው በእሱ ማዕረግ ነው። በላ ኮንሴፕሲዮን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሴቪያ የመጣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ የሸክላ ገንዳ አለ፤ ጓንቼዎች ክርስትና የተነሱበት ነው ይባላል። ገንዳው ትንሽ ነው። እዚያ ጎንበስ ብሎ አዲስ ስም ይዞ ቀና ያለው ሰው ምን እንዳሰበ የሚነግረን የለም።

አሁን ወደ ካርታው ልመለስ። ቶሪያኒ ከከተማዋ ጎን ትልቅ ሐይቅ ሥሏል። የከተማዋ ስምም የመጣው ከእሱ ነው። ጓንቼዎች ፍየሎቻቸውን ያጠጡበት የነበረው ውሃ ነው። እኔ በካርታው ሄጄ ስቆም ያገኘሁት ግን መኖሪያ ቤቶችና የቆሙ መኪናዎች ናቸው። ሐይቁ በደለል እየሞላ፣ ረግረግ እየሆነ፣ በሽታ ያመጣል እየተባለ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1837 ጨርሶ ደረቀ። አንዲት ሴትዮ ከዘንቢላቸው ጋር አጠገቤ አለፉ። ሐይቁ ላይ ቆሜ ነበር።

የሳን አጉስቲን ቤተ ክርስቲያንን ፍርስራሽ በቶሎ አየነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ተቃጥሎ ጣሪያ አልባ የቀረ ነው። ካቴድራሉም ያምራል፤ ግን አብዛኛው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደ አዲስ የተሠራ ስለሆነ እንደ ላ ኮንሴፕሲዮን አልያዘኝም።

ረሃቡ ሲበረታ ገበያ ገባን። ከአይብና ከሙዝ መደቦቹ መካከል ወረቀት ከረጢት ተደርድሯል፤ ጎፍዮ ይላል። የተቆላ እህል ዱቄት ነው። ሻጯ ቀምሺው ብላ በማንኪያ ሰጠችኝ። በሶ ነው! ሽታው፣ ምላስ ላይ የሚይዘው ነገር፣ ሁሉም በሶ። ጓንቼዎቹ ገብስ ቆልተው በድንጋይ ወፍጮ እየፈጩ ይበሉት የነበረው ይኸው ነው። እረኞች በጠቦት ቆዳ ከረጢት ውስጥ በውሃ አሽተው ስንቅ ያደርጉት ነበር። ቋንቋቸው ጠፋ፣ ነገሥታታቸው ተወሰዱ፣ ሐይቃቸው ደረቀ። ስንቃቸውን ግን ድል አድራጊዎቹ ራሳቸው እስከ ዛሬ ይበሉታል።

በተሰባበረው ስፓኒሽዬ እኛም አገር ይህ አለ አልኳት። የት? ኢትዮጵያ። እንዴት ነው የምትበሉት? በእጄ እየጨበጥኩ አሳየኋት፤ ውሃ፣ ጨው፣ በርበሬ ካለም በርበሬ፣ ወይም ማር። በርበሬው አስገረማት። ማሩን ግን ታውቀዋለች፤ እነሱም በማርና በለውዝ አሽተው ይቆራርጡታል። በዓሣ መረቅ አገንፍተውም በቀይ ሽንኩርት ቁራጭ እየዛቁ ይበሉታል። ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በነበረው የረሃብ ዘመን አያቴን ያቆያት ይህ ነው አለችኝ።

የገብስ አለሽ? ስላት ከታች ጎንበስ ብላ አወጣች። ሰው የሚወደው የበቆሎውን ነው፣ ይህንን የሚጠይቁኝ ሽማግሌዎች ናቸው አለች። ሁለት ከረጢት ገዛሁ። ባለቤቴ ሻንጣው ይከብዳል ብሎ ነበር፤ ቤት ስንደርስ ግን መጀመሪያ የጨበጠው እሱ ነው፣ በርበሬ አብዝቶ።