የሚወጣውን ውሃ አትድፈኑት

የአፈር ግድብ ያፈሳል። ይህን ስል የሚደነግጥ ሰው ብዙ ስለሚያጋጥመኝ ከዚሁ ልጀምር። ምንም ያህል በደንብ ቢጠቀጠቅ፣ ጥቂት ውሃ በሆዱ ሰርጎ በግርጌው በኩል መውጣቱ አይቀርም። እኛ ጎጃም ውስጥ የአፈር ግድብ ሲባል ሁሉም የሚያውቀው መራዊ አጠገብ ያለውን ቆጋን ነው፤ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል፣ ለ7,000 ሄክታር መስኖ ታስቦ የተሠራ ነው። ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ የአፈር ግድብን የሚጠብቅ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፦ ውሃው ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል?

ይህ ጥያቄ የገባኝ ከቆጋ እጅግ በሚያንስ ግድብ ላይ በቴክኒሻንነት ስሠራ ነው። ግድቡ የተሠራው ለሁለት ጉዳይ ነበር። በሐምሌና በነሐሴ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ሜዳው ላይ ያለውን ጤፍና ኑግ ጠርጎ ይወስድ ስለነበር እሱን ለመያዝ፣ በበጋ ደግሞ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ለማጠጣት። ሁለቱ ጉዳዮች ግን አይስማሙም። ጎርፍ የሚይዝ ግድብ በክረምት ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ የመስኖ ግድብ ደግሞ መስከረም ሲጠባ ጢም ብሎ መሙላት አለበት። ገበሬው የሚያየው የበጋውን ውሃ ስለሆነ ሁልጊዜ ይሙላ ይላል፤ አይፈረድበትም።

የግድቡ እምብርት የተሠራው ከቀይ ሸክላ አፈር ነው። ዋልካው ቅርብ ቢሆንም አልተነካም፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀዩ አፈር በስሱ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በሮለር እየተጠቀጠቀ ነው ያደገው። አስቸጋሪው ቦታ ውሃ ማስወጫው ቱቦ ግራና ቀኝ ነበር። ትልቁ ሮለር ኮንክሪቱን እንዳይሰብር ስለሚፈራ ወደዚያ አይጠጋም፤ ቦታው በእጅ በሚገፋ መጠቅጠቂያ ነው የሚሠራው። ሥራው አድካሚ ነው፣ ሥራ ተቋራጩም ይቸኩላል። በብዙ ግድቦች ላይ ውሃ መንገድ የሚያገኘው እዚሁ ቱቦ ጥግ ነው።

ተቆጣጣሪዋ መሐንዲስ ግድቡ መሙላት ሲጀምር ጥበቃውን ጠርታ አንድ ሥራ ሰጠቻቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ አገሩን አብጠርጥረው የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም «አባቴ» ነው የምንላቸው። ጠዋት ጠዋት ግርጌው ላይ ከሚወጣው ውሃ በሃይላንድ ቀድተው፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው፣ ከታች የሚዘቅጥ ነገር መኖሩን እንዲያዩ። የውሃውን መጠን እኔ እለካለሁ፤ መልኩን እሳቸው ያያሉ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ውሃው ትርፉ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት እየሮጡ መጡ።

«ልጄ፣ ነይ እዪልኝ። ትናንት ኩልል ያለች ነበረች፤ ዛሬ አተላ መስላለች።»

ሄድን። ከማስወጫው ቱቦ በስተቀኝ፣ ከግርጌው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ጭብጥ የማትሞላ ምንጭ ፈልቃለች። በአፏ ዙሪያ ደቃቅ አፈር ክብ ሠርቶ ተከምሯል፤ መሃሉ ላይ ቅንጣቶቹ ከውሃው ጋር እየተነሱ ይወድቃሉ። ሃይላንዱን አንስቼ ባየው ከታቹ ቡናማ ዝቃጭ ይዟል። የለካሁት መጠን ከቀደሙት ቀናት ብዙም አልጨመረም። በቁጥሩ ብቻ ብንሄድ ኖሮ ምንም አልሆነም ብለን እናልፈው ነበር።

ያ ቡናማ ዝቃጭ የግድቡ ሥጋ ነው። ውሃው ከውስጥ አፈር እየሸረሸረ ሲወጣ ከመውጫው ወደ ኋላ፣ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ቀዳዳ እየቆፈረ ይሄዳል። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ውሃው ይበረታል፣ ውሃው በበረታ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። ሐይቁ ጋ የደረሰ ዕለት የሚያቆመው ኃይል የለም።

የሥራ ተቋራጩ ፎርማን ያየውን አይቶ ወዲያው ሲኖ አስነሳ። «ቀይ አፈር ይምጣና ይጠቅጠቅበት» አለ። ከመንደሩ የመጡት ወጣቶችም ማዳበሪያ ከረጢት በጭቃ እየሞሉ ነበር። የማንም ሰው ልብ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ውሃ ከፈሰሰ ይደፈን።

መሐንዲሷ ሲኖው ፊት ቆማ አስቆመችው። ውሃው በአንድ በኩል ቢደፈን ግፊቱ ባለበት ነው፤ በጎን ሌላ መውጫ ይፈልጋል፣ ወይም አፈሩን ከታች ወደ ላይ ያነሳዋል። አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ የነበረው የቲተን ግድብ የፈረሰው በዚህ ዓይነት ሽርሸራ ነው፤ በ1976 እ.ኤ.አ.፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ። ቀዳዳውን በአፈር ለመድፈን የተላኩ ሁለት ዶዘሮችን ቀዳዳው ውጧቸዋል፤ ኦፕሬተሮቹ ለጥቂት አመለጡ። ጠዋት ደፍራሽ ውሃ የታየበት ግድብ ቀትር ሳይሞላ ተደረመሰ፣ 11 ሰውም ሞተ። ያ ከ90 ሜትር በላይ ቁመት ያለው ግድብ ነበር። ለእኛ ትንሽ ግድብ ማን ጊዜ ይሰጠዋል?

«አሸዋ አምጡልኝ» አለች። «የታጠበ የወንዝ አሸዋ። ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ።»

ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር። አሸዋው አፈሩን ለመያዝ የሚበቃ ደቃቅ፣ ውሃውን ለማሳለፍ የሚበቃ ሻካራ መሆን አለበት። ጭቃ የበዛበት አሸዋ ራሱ ይደፈንና ከቀይ አፈሩ አይሻልም። መጀመሪያ ያፈሰስነውን አሸዋ ግን ውሃው ይዞት ሄደ። ያኔ ሻካራ ጠጠር አስቀድማ አስደፋችና ጉልበቱን አበረደችው፤ ከዚያ አሸዋው ቁጭ አለ። በላዩ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ ድንጋይ። በዙሪያው ደግሞ ከረጢት አስደረደረች፤ በመሃሉ ውሃ ሲቋጥር ክብደቱ ግፊቱን እንዲመክት። በጭቃ የተሞሉት ከረጢቶች ሥራ ያገኙት እዚህ ላይ ነው።

ከባዱ ክርክር ግን የሐይቁን ውሃ ስለመቀነስ ነበር። የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ከሽማግሌዎች ጋር መጥተው ቆሙ።

«ኢንጅነር፣ ዓመቱን ሙሉ የጠበቅነውን ውሃ ለወንዝ ልትሰጪብን ነው? በጋውን ምን እንብላ?»

«አባባ፣ ውሃው ቢጎድል ግማሽ ማሳ እናጠጣለን። ግድቡ ከሄደ ግን ውሃውም ይሄዳል፣ ከታች ያለው መንደርም አይተርፍም።»

ዝም ብለው ምንጯን አዩዋት። ከዚያ ከተከራካሪነት ወጥተው አዛዥ ሆኑ፤ ልጆቹን ወደ ታች ላኩ፣ ከብት ከወንዙ ዳር እንዲነሳ፣ ማንም በመልካው እንዳይሻገር። የማስወጫው ቱቦ ቫልቭ የተከፈተው ይህ ከተሰማ በኋላ ነው፤ የተከፈተውም በጥቂቱ። የአፈር ግድብ ውሃው በድንገት ሲወርድ በሐይቁ በኩል ያለው ጎኑ ውሃ እንደጠገበ ይቀርና ሊናድ ይችላል።

ማምሻውን አባቴ ከድንጋዩ ሥር የሚወጣውን ውሃ ቀድተው ወደ ብርሃን ከፍ አደረጉት። ጥርት ብሏል። ከወጣቶቹ አንዱ «አልቆመም እኮ!» አለ ቅር ብሎት። ሌሊቱን በፋኖስ፣ በየተራ እየቀዳን አደርን፤ ጠርቶ ነው የነጋው።

በበጋው ቦታው ሲቆፈር የተገኘው የጠረጠርነው ነው። ቱቦውን ዙሪያውን መክበብ የነበረበት የአሸዋ ማጣሪያ በአንድ ጎኑ ተቋርጧል፤ አፈሩም በጣት ይፈረፈር ነበር። በደንቡ እንደገና ተሠራ። በዚያ ዓመት የጠጣው ማሳ አነሰ፣ ሽንኩርት ያልተከሉ ቤተሰቦች ነበሩ፤ የውሃ አባቱ ተራውን እኩል ስላካፈሉ ጠብ አልተነሳም።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ትንንሽ ግድቦቻችን ከተመረቁ በኋላ የሚያያቸው ሰው መጥፋቱ ነው። ለግንባታው በጀት ይገኛል፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ የሚቀዳ አንድ ሰው ለመቅጠር ግን አይገኝም። የግድቡ ጀርባ ላይ ባሕር ዛፍ ተተክሎ አይቻለሁ፤ ሥሩ ሲበሰብስ በውስጡ ቱቦ ትቶ ይሄዳል። ፍልፈልና ጃርት የቆፈሩት ጉድጓድ ክረምት እስኪገባ ሳይነካ ይከርማል። ይህን ለማስተካከል ዶማና ትጋት ይበቃል፤ ከታች ለሚተኙት ቤተሰቦች ስንል ልንሠራው ይገባናል።

በዚያ ግድብ ግርጌ አሁን የታጠበ አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ ለየብቻ ተከምሮ ይቀመጣል። ለቤት መሠረት ስጡን የሚል በየዓመቱ ይመጣል፤ የውሃ አባቱ አይሰጡም። አባቴም ሥራውን ለሁለት የመንደሩ ልጆች አስተምረው በተራ ይቀዳሉ፤ የየዕለቱን መልክ የሚጽፉበት ደብተር ደግሞ ማኅበሩ ቤት ተቀምጧል።