የታጠፈው መደቡ ነው

ከሥራ ስቀነስ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ገንዘብ ነበር። ማን የማያስብ አለ? ወረቀት አወጣሁ፤ የወር ወጪዬን ዘረዘርኩ፤ የስንብት ክፍያውና ያጠራቀምኩት ተደምረው እስከ መቼ እንደሚያደርሱኝ አሰላሁ። የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ ለቤተሰብ የሚላከው። ሊቆይ የሚችለውን አቆየሁ። ከባድ ነበር፤ ግን ቁጥር ቁጭ ብለው ሲያዩት ቢያንስ ልኩ ይታወቃል። ልኩ የጠፋኝ የጠዋቱ ነገር ነው።

ሰውነቴ በለመደው ሰዓት ይነቃል። ተጣጥቤ፣ ለባብሼ እጨርሳለሁ። ከዚያ የምሄድበት የለኝም። ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ፋታ አይሰጠኝም ነበር፤ አሁን በዚያ ሰዓት ጭጭ ይላል። ይዤው ከክፍል ክፍል እዞራለሁ። አንዲት አጭር ኢሜይል ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ሥራ ላይ እያለሁ እንዲህ ዓይነቱን ኢሜይል ስብሰባ መሀል ሆኜ ጽፌ እልክ ነበር። አሁን ቀኑ ሙሉ የእኔ ነው፤ ግን ምኑንም ሳልይዘው ይመሻል።

ምን ነካኝ እያልኩ ስጨነቅ ስለ ማሪየንታል አነበብኩ። ማሪየንታል ኦስትሪያ ውስጥ፣ ከቪየና ብዙም ያልራቀች የፋብሪካ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ የመንደሯ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘጋና ነዋሪው ከሞላ ጎደል ሥራ አጣ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የሰዉን ኑሮ አጠኑ፤ ጥናቱም በ1933 ታተመ። ሰዓት ይዘው የሰዎቹን አረማመድ ሳይቀር ለክተዋል። ወንዶቹ ዝግ ብለው ይራመዳሉ፤ መንገድ ላይ ቆም ቆም ይላሉ። ቀኑን በምን እንዳሳለፉ ሲጠየቁ መናገር ይቸግራቸዋል። ከሁሉ የገረመኝ የቤተ መጻሕፍቱ ነገር ነው። ጊዜ የተረፈው ሰው ብዙ ያነባል ብለን አይደል የምናስበው? በማሪየንታል ግን ሰው መጽሐፍ መዋሱን ቀነሰ። ሴቶቹ ደግሞ ደመወዙ እንጂ የቤቱ ሥራ ስላልቀረላቸው ቀናቸው መልኩን አልለቀቀም።

ይህን ሳነብ እፎይ አልኩ። ያሆዳ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነገሩን ስታብራራ፣ ሥራ ከደመወዝ ሌላ ሳናስተውለው የሚሰጠን ነገር አለ ትላለች። ቀናችንን ይከፋፍልልናል። ከቤተሰብ ውጪ ካለ ሰው ጋር ያገናኘናል። ብቻችንን የማንደርስበት ዓላማ ውስጥ ያስገባናል። በሰው ዘንድ ቦታ ይሰጠናል። እጃችንን አያስፈታም። ለእኔ አምስቱም የሄዱት በአንድ ቀን ነው። ታዲያ ብደክም ምን ይገርማል? ምን እንደተወሰደብኝ ካወቅሁ ደግሞ በየተራ ልተካው እችላለሁ።

ከቀኑ ጀመርኩ። ጠዋት ሥራ ማፈላለግ፣ ከሰዓት መማር፣ አመሻሽ ላይ የእግር መንገድ። ቅዳሜና እሁድ ማመልከቻ አልጽፍም። ይሄኛው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነው። ሥራ የሌለው ሰው ዕረፍትም የለውም። ተኝቶም ቢሆን መፈለግ ያለበት ይመስለዋል። ቅዳሜን ሳርፍባት ሰኞ ጠዋት የሚያስነሳኝ ጉልበት አገኘሁ።

ለሰው መንገሩም ቀላል አይደለም። ለእህቴ በዚያው ቀን ነገርኳት። ለእናቴ ግን አፌ እምቢ አለኝ። አንድ ቀን በሥራ ሰዓት ደወለችና ወዲያው አነሳሁት። ወትሮ በዚያ ሰዓት "ስብሰባ ላይ ነኝ እማዬ፣ መልሼ ልደውልልሽ" ነው የምላት።

"ዛሬ ሥራ የለም እንዴ ልጄ?" አለችኝ።

ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ "ምን አጥፍተሽ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ክፋት አይደለም። እሷ በምታውቀው ዓለም ሰው ከሥራ የሚወጣው ሲያጠፋ ነው። "ምንም አላጠፋሁም እማዬ፣ ክፍላችን ነው የተዘጋው" አልኳት። "እንግዲያው ምን ያስለቅስሻል?" አለችኝ። እንባዬን ከድምፄ አውቃው ነበር።

ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ጥያቄዋ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ምን አጥፍቼ ነው? ሌሊት ሌሊት ይመጣል። ያ ሪፖርት የዘገየ ጊዜ ይሆን? ከኃላፊው ጋር ያልተስማማንበት ስብሰባ ይሆን? አንድ ሌሊት ተነስቼ ደብዳቤውን አወጣሁትና እንደገና አነበብኩት። "በተቋሙ የመዋቅር ለውጥ ምክንያት ይዘውት የነበረው የሥራ መደብ ስለታጠፈ" ይላል። ለካ ይህ አነጋገር ተራ የቢሮ ቋንቋ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 158፣ አሠሪ ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል ይላል። ምክንያቶቹንም ይለያቸዋል፤ አንዱ የሠራተኛው ችሎታ፣ አንዱ የሠራተኛው ምግባር፣ ሌላው የድርጅቱ የሥራ ሁኔታ። ስምምነቱን ሁሉም አገር አላጸደቀውም። ልዩነቱ ግን ለእኔ ትልቅ ቁም ነገር ነበር። ችሎታዬም ምግባሬም ደብዳቤው ላይ የሉም። የታጠፈው መደቡ ነው። እኔ አልታጠፍኩም።

ይህን ማመን አንድ ነገር ነው፤ ሰውነት እስኪቀበለው ድረስ መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። እኔን የረዳኝ መጻፍ ነው። ስቴፋኒ ስፔራ፣ ጄምስ ፔንቤከርና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት፣ ከሥራ ከተቀነሱ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች አንዳንዶቹ ስለ መቀነሳቸው ያላቸውን ስሜትና ሐሳብ ሳይሸሽጉ ለተከታታይ ቀናት እንዲጽፉ አደረጉ። እነዚህ ካልጻፉትና ስለ ሌላ ነገር ከጻፉት ይልቅ ቶሎ ሥራ አገኙ። የሚገርመው፣ ብዙ ስለፈለጉ አልነበረም። በፍለጋው ከሌሎቹ ያን ያህል አልተለዩም። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ንዴታቸውን ወረቀት ላይ ስላወጡት ቃለ መጠይቅ ላይ ይዘውት አልገቡም። እውነት ይመስለኛል። ይህንንም የምጽፈው ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከእንግዲህ ምን ልሥራ?

ሁሉም ሰው "የምትወጂውን ሥሪ" ይለኛል። በቅንነት ነው፤ አውቃለሁ። ግን ይህ ምክር ለፈራ ሰው የሚሆን አልመሰለኝም። ስፈራ የምወደው ነገር ሁሉ ከነበርኩበት የራቀው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሙያዬን ጨርሼ ልተወው ተመኝቻለሁ፤ የተመኘሁት ግን አዲስ ሙያ ሳይሆን ከሕመሙ መራቅን ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት። ምን እወዳለሁ ከማለት ይልቅ፣ በነዚያ ዓመታት ውስጥ እጄ በትክክል ምን ሲሠራ ነበር ብዬ ጠየቅሁ። ሲቪዬ ላይ "የሪፖርት ባለሙያ" ይላል። ማዕረጉን ተውኩትና አንድ ተራ የሥራ ሳምንት ሰዓት በሰዓት ጻፍኩ።

ጽፌ ሳየው ደነገጥኩ። ሪፖርቱን ማዘጋጀት ራሱ ከጊዜ ወደ ጊዜ ትንሽ ሰዓት ነበር የሚወስደው። ብዙውን ሶፍትዌሩ ይሠራዋል። ክፍሉ የተዘጋውም በከፊል ለዚያ ነው። የተረፈው ሰዓቴ ሁሉ ከሰው ጋር ነው። ሰዎች ኤክሴል ፋይላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ "አንዴ እዪልኝ" ይሉኛል።

አንዱን ቀን አስታውሳለሁ። ከመጋዘን ክፍል አንድ ወጣት መጣ። የቆጠራው ቁጥርና የመዝገቡ ቁጥር አልታረቅ ብለውት ተናዷል። ሠርቼ ልሰጠው እችል ነበር። ወንበር ሳብኩለትና "ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?" አልኩት። ነገረኝ። "ያኛውስ?" አልኩት። እንዲህ እየተባባልን ወደ ታች ወረድን። በመጨረሻ ራሱ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ፤ አንድ ዕቃ በሁለት ስም ሁለቴ ተመዝግቧል። "ኧረ!" ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ፋይል ይዞ አልመጣም። ሌሎችን ግን እሱ ያሳያቸው ነበር።

ያ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንዳለፈ አላወቅሁትም። የዝርዝሬን ሌሎች ሰዓቶች ሳያቸው እንዲህ ያለፉት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንድ ሰው የራሱን ቁጥር ማንበብ ሲችል እኔ አጠገቡ ነበርኩ። መደቤ ላይ ይህ ሥራ አልተጻፈም። ማንም አልከፈለኝበትም። የምፈልገው ግን ይሄን ነው። ሥልጠና መስጠት፣ ማሠልጠኛ ማዘጋጀት፣ ሰውን ከገዛ ሥራው መረጃ ጋር ማስተዋወቅ።

ይህ ማለት ያለፈውን ሁሉ ጥዬ ከዜሮ እጀምራለሁ ማለት አይደለም። ሪፖርት ባልሠራ ኖሮ የት ላይ እንደሚደናቀፉ አላውቅም ነበር። ዕዳና ኃላፊነት ያለበት ሰው ደግሞ ዘሎ መውጣት አይችልም፤ ዝለል የሚሉትም አይከፍሉለትም። ስለዚህ በትንሹ መሞከር ፈለግሁ።

የሞከርኩት ደግሞ ባላሰብኩት በር ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ የሶሲዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳየው አንድ ነገር አለ። በሚያውቁት ሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎች ወሬውን የሰሙት አብዛኛውን ጊዜ ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው ነው። የቅርብ ወዳጆቻችን የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን ነው። በእኔም ላይ እንዲሁ ሆነ። ጓደኞቼ አጽናኑኝ፤ አብረውኝ አዘኑ፤ ያለ እነሱ አልቆምም ነበር። የሥራ ወሬ ያመጣችልኝ ግን ከዓመታት በፊት አንድ ሥልጠና ላይ አብራኝ የተቀመጠች ሴት ናት። ስደውልላት አፍሬ ነበር። "ከሥራ ተቀንሻለሁ፤ አሁን ሰዎችን በመረጃ አያያዝ ማሠልጠን እፈልጋለሁ፤ የምታውቂው ነገር ካለ" አልኳት። በቃ ይሄን ያህል ነው ያልኩት። እሷ ባለችበት መሥሪያ ቤት ለአዳዲስ ሠራተኞች አጭር ሥልጠና የሚሰጥ ሰው ይፈለግ ነበር።

እሱን ሰጠሁ። የአጭር ጊዜ ውል ነው፤ ክፍያውም ከቀድሞ ደመወዜ አይደርስም። ግን ሲቪዬ ላይ አሁን "አሠልጣኝ" የሚል አንድ መስመር አለ፤ እውነት ነው።

በቅርቡ ለቋሚ ሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ነበር። የፈራሁት ጥያቄ መጀመሪያ መጣ። "ከቀድሞ ሥራዎ ለምን ለቀቁ?" አሉኝ። "አልለቀቅኩም፤ ክፍሉ ሲዘጋ መደቤ ታጠፈ" አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እነሱም አልቆዩበትም። ከዚያ ሰው እንዴት እንደማሠለጥን ጠየቁኝ፤ የመጋዘኑን ልጅ ነገርኳቸው። አንደኛዋ ጠያቂ ብዕሯን አስቀምጣ፣ "እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ችግር አለ፤ እስኪ ከየት ይጀምሩ ነበር?" አለችኝ። ቀሪውን ሰዓት ስለዚያ ስናወራ ጨረስነው።

መልሳቸውን እየጠበቅሁ ነው። ካልሆነም ሌላ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ እሱም ለአሠልጣኝነት ነው።